ኤድዋርድ ሩፔልና በአገርኛ ስማቸው ዓለም ያወቃቸው የዱር እንስሳት

ከወረታ ከተማ ወጥቶ በፎገራ ሜዳ ወደ ጣና ሐይቅ የሚወርድ መንገደኛ ዛሬ በብዛት የሚያየው የሩዝ ማሳና የቀንድ ከብት ነው። ርብና ጉማራ ወንዞች በየክረምቱ በሚያጥለቀልቁት በዚህ ሜዳ ላይ ስለ ዱር ሸኮናማ እንስሳት ማውሳት እንግዳ ይመስል ይሆናል። ሆኖም ድኩላ፣ ደፈርሳና ቦሆር የሚባሉት ሦስት የአገራችን ስሞች በዓለም ቤተ መዘክሮችና ዩኒቨርሲቲዎች መዝገብ ውስጥ በላቲን ፊደል ተጽፈው ይገኛሉ። የድኩላ ሳይንሳዊ መጠሪያ ዴኩላ፣ የደፈርሳው ዴፋሳ፣ የቦሆሩም ቦሆር በሚሉ ቃላት ያበቃሉ። ዋልያና ጭላዳም እንዲሁ በአገርኛ ስማቸው ተመዝግበዋል። አምስቱንም ስሞች ወደ ሳይንስ መዝገብ ያስገባው ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የሩፔል ዘመን ድርጊቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተገለጹ ሲሆን፣ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉት ዓመታት ዓ.ም. የሚል ምልክት ተደርጎባቸዋል።

ቪልሄልም ፔተር ኤድዋርድ ሲሞን ሩፔል ኖቬምበር 20 ቀን 1794 በጀርመን ፍራንክፈርት ከተማ ተወለደ። አባቱ ባለጸጋ የባንክ ሥራ ባለቤት ስለነበሩ ልጁም የታሰበለት ወደ ንግድ ዓለም እንዲገባ ነበር። የሕይወቱን አቅጣጫ የለወጠው በ1817 ወደ ሲና በረሃ ያደረገው ጉዞ ነው። በዚያ ጉዞው ሄንሪ ሶልትንና የስዊዙን አሳሽ ቡርክሃርትን የመተዋወቅ ዕድል አገኘ። ሶልት በዚያን ጊዜ በግብፅ የእንግሊዝ ቆንስል ሲሆን ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ተጉዞ ነበር። በቆላው ቁጥቋጦ ውስጥ የምትኖር አንዲት ትንሽ የዱር እንስሳ እስከ ዛሬ በሶልት ስም ትጠራለች፤ የወገን መጠሪያዋ ደግሞ ማዶኳ ሲሆን ይህም ሚዳቋ ከሚለው የአማርኛ ቃል የተወሰደ ነው። ስለ ኢትዮጵያ ብዙ የሚያውቅ ሰው ጋር መገናኘቱ ለወጣቱ ሩፔል ቀላል ነገር አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ሩፔል ንግዱን ትቶ ወደ ጣሊያን በማምራት በፓቪያና በጄኖቫ ዩኒቨርሲቲዎች የዕፅዋትንና የእንስሳትን ሳይንስ ተከታተለ። በከዋክብት ምልከታ የቦታን አቀማመጥ መለካትም ተማረ። በዚያው ዘመን በትውልድ ከተማው የሴንከንበርግ የተፈጥሮ ምርምር ማኅበር ተቋቁሞ ስለነበር፣ በጉዞው የሚያገኛቸውን እንስሳት ለማኅበሩ ቤተ መዘክር ለመላክ ወሰነ።

የመጀመሪያው ታላቅ ጉዞው በ1821 ተጀመረ። ሚካኤል ሄይ ከተባለው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ጋር በሲና አድርጎ በ1822 ወደ ዓቃባ ባሕረ ሰላጤ ደረሰ፤ ከዚያም የዓባይን ወንዝ ተከትሎ ወደ ኑቢያ ዘለቀ። በጉዞው ፍጻሜ ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት ቢሞክርም ከምጽዋ አላለፈም፤ ሕመም የቡድኑን አባላት አዳክሞ ስለነበር በ1827 ወደ አውሮፓ ተመለሰ። እርሱ በጉዞ ላይ ሳለ የላካቸው ቆዳዎችና አጥንቶች ግን በፍራንክፈርት ሥራ ጀምረው ነበር። ክሬችማር የተባለ የማኅበሩ ሊቅ በናሙናዎቹ ላይ ተመሥርቶ ሥዕላዊ የእንስሳት መጽሐፍ ማሳተም ጀመረ። ዛሬ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የሚታየው የሶመሪንግ ሜዳ ፍየል የሳይንስ ስሙን ያገኘው በዚያን ጊዜ ነው።

ሩፔል ለሁለተኛ ጊዜ ወደ አፍሪካ የተነሣው በ1830 ነው። በ1831 ምጽዋ ሲደርስ የሰሜኑ የአገራችን ክፍል ከጦርነት ማግስት ላይ ነበር። በዚያው ዓመት በደብረ ዓባይ በተደረገው ውጊያ ደጃዝማች ሰባጋዲስና ራስ ማርዬ ሕይወታቸውን አጥተዋል። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ስለነበር መንገደኛ የሚጓዘው የነጋዴ ጓዝ ተከትሎ፣ ኬላ እየከፈለና የየአካባቢውን ገዢ ፈቃድ እየጠየቀ ነበር። ሩፔልም በባሕሩ ዳርቻ ወራት ከጠበቀ በኋላ በ1832 ወደ ደጋው ወጣ። በትግራይ አልፎ ተከዜን በመሻገር በደጃዝማች ውቤ ግዛት ሥር ወደነበረው ስሜን ደረሰና ክረምቱን በዚያ ተራራማ አገር አሳለፈ።

ከሥራዎቹ ሁሉ በሕዝብ ዘንድ በይበልጥ የሚታወቀው ውጤት የተገኘው በስሜን ቆይታው ነው። ዋልያ በስሜን ገደሎች ብቻ የሚኖር የዱር ፍየል ወገን ነው። ወንዱ ወደ ኋላ የታጠፉ፣ ከአንድ ሜትር በላይ ሊረዝሙ የሚችሉ ወፋፍራም ቀንዶች አሉት፤ ሴቷ ቀንዷ ቀጭንና አጭር ነው። እንስሳው በቋጥኝ ላይ የሚቆመው በሸኮናው አሠራር ምክንያት ነው። ሸኮናው ለሁለት የተሰነጠቀ በመሆኑ ሁለቱ ጣቶች እየተራራቁ የድንጋዩን ቅርጽ ይይዛሉ፤ ጠርዙ ጠንካራ፣ ውስጠኛው ክፍል ደግሞ ለስላሳ ስለሆነ አያንሸራትተውም። ሩፔል ዋልያን በ1835 ባሳተመው ጽሑፍ ሲገልጽ የግሪክ ወይም የላቲን ስም አልፈጠረለትም፤ የአካባቢው ሰው የሚጠራበትን ስም ወስዶ ካፕራ ዋሊ ብሎ መዘገበው። ካፕራ በላቲን ፍየል ማለት ነው። ሣር በመጋጥ የሚኖረውን ጭላዳ ዝንጀሮንም በዚያው ዓመት በአገርኛ ስሙ ገልጿል። ቀይ ቀበሮን ግን በተገኘበት ቦታ ስም ሲሜንሲስ አለው።

ዋልያን ሩፔል አገኘው የሚለው የተለመደ አነጋገር ማስተካከያ ይፈልጋል። ዋልያን የስሜን ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቀው ነበር፤ ስም ያወጣለትም፣ የሚውልበትን ገደል ለይቶ የሚያውቀውም የስሜን ሰው ነው። ሩፔል ያደረገው ይህን ዕውቀት ከቆዳ፣ ከራስ ቅልና ከመግለጫ ጋር አያይዞ በሳይንስ ቋንቋ ማስመዝገብ ነው። ለባልደረባው ለቴዎዶር ኤርክል መታሰቢያ አንዲት የደጋ ቆቅ በስሙ ጠርቶለታል። እንስሳቱ ያሉበትን ስፍራ የሚያውቁት የስሜንና የጎንደር አዳኞች ግን በአንድም የእንስሳ ስም ውስጥ አልተጠቀሱም። የእነርሱ ድርሻ የቀረው ዋልያ፣ ድኩላ፣ ደፈርሳ በሚሉት ቃላት ውስጥ ነው።

ሩፔል በ1832 መኸር ወደ ጎንደር ገባ። ከተማዋ የነገሥታቱ ኃይል የተዳከመባት ብትሆንም የሊቃውንትና የነጋዴዎች መናኸሪያ ነበረች። በጎንደር ያስተናገዱት ሊቅ አጽቁ በታሪክና በሕግ ዕውቀታቸው የታወቁ ሰው ነበሩ፤ ሩፔል ወደ አገሩ ይዞ ለሄደው የብራና መጻሕፍት ስብስብ መገኘትም የጎንደር ሊቃውንት ወዳጅነት ረድቶታል። ከጎንደር እየተነሣ በዙሪያው ባሉት አገሮች ተዘዋውሯል። ከጉዞዎቹ አንዱ ወደ ምዕራቡ ቆላ፣ ሌላው ደግሞ የጣናን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዞ ወደ ዓባይ ድልድይ የተደረገ ነበር። ይህ መንገድ ጥንታዊ የነጋዴ መንገድ ነው፤ ርብንና ጉማራን አቋርጦ በፎገራ ሜዳ ያልፋል። የዛሬው የጎንደርና የባሕር ዳር አስፋልትም አቅጣጫው ከዚያ እምብዛም አልራቀም።

ከጣና ሩፔል የሰበሰበው ሸኮናማ እንስሳትን ብቻ አይደለም። ከሐይቁ ዓሣዎች መካከል በርካቶቹን ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የገለጸው እርሱ ነው፤ በዞ የሚባለው ዓሣ ዛሬም ሳይንሳዊ መጠሪያው ቤሶ ይላል። እንደዚሁም ጋጋኖ የመሰሉ የደጋ ወፎችን፣ ወፍራም መንቁር ያለውን የኢትዮጵያ ቁራና ሌሎችንም ለዓለም አስተዋውቋል። የእንስሳቱን ሥጋ ከቆዳቸው ለይቶ፣ በዘመኑ ልማድ አርሴኒክ በተቀላቀለበት ሳሙና አሽቶ፣ በበቅሎ ጭኖ ተከዜን ማሻገርና ምጽዋ ማድረስ ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ መገመት አያዳግትም።

የጣና ዙሪያ ለሸኮናማ እንስሳት የተመቸ እንዲሆን ያደረገው የውሃውና የሣሩ አሰላለፍ ነው። ሐይቁ በክረምት ሞልቶ ሜዳውን ይሸፍናል፤ በበጋ ሲሸሽ ከኋላው እርጥብና ለምለም ሣር ይተዋል። ከዚህ ከፍ ብሎ ደንገልና ቄጠማ፣ ከዚያም ቁጥቋጦና የወንዝ ዳር ዛፍ ይከተላል። ሩፔል የጻፈላቸው ሦስቱ እንስሳት ይህን ገጽታ ተከፋፍለው የሚኖሩ ናቸው።

ደፈርሳ ከሦስቱ ትልቁ ሲሆን ወንዱ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል። ከውሃ ርቆ መኖር አይችልም፤ አብዛኛውን ጊዜ በየቀኑ መጠጣት ይፈልጋል። ጠጉሩ ቅባት ያለውና ጠረኑ የከረፋ በመሆኑ ከሩቅ ይታወቃል። ከሌላው የአፍሪካ ክፍል ወገኑ የሚለየውም በመቀመጫው ላይ ባለው ነጭ ምልክት ነው፤ የዚያኛው እንደ ቀለበት የዞረ ሲሆን የደፈርሳ ሙሉውን የሸፈነ ነው። ሩፔል በ1835 የገለጸው ደፈርሳ የመጣው ከጣና ሐይቅ አካባቢ ነው። ድኩላም በዚያው ዓመት ከደምቢያ አካባቢ በተገኘ ናሙና ተገልጿል። ድኩላ ብቸኛ ነው፤ በመንጋ አይሄድም፣ ቀን በቁጥቋጦ ተሸሽጎ ይውልና ሲመሽ ይወጣል። ሲደነግጥ የሚያሰማው ድምፅ የውሻ ጩኸት ይመስላል። ቦሆር የሣር ሰው ነው ቢባል ያስኬዳል። ጫፋቸው ወደ ፊት የታጠፉ አጫጭር ቀንዶች ያሉት ሲሆን አደጋ ሲመጣ ከመሮጥ ይልቅ በረጅሙ ሣር ውስጥ ዝቅ ብሎ ይተኛል፤ በመጨረሻም እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ አሰምቶ ይነሣል። ሩፔል ቦሆርን በስሙ ያስመዘገበው በ1842 ነው። ሦስቱም ቀንድ የሚያበቅለው ወንዱ ብቻ ነው፤ በዚህም ሁለቱም ፆታዎች ቀንድ ካላቸው ከዋልያና ከከብት ይለያሉ።

እነዚህ እንስሳት ከፎገራ ላምና ከዋልያ ጋር የሚጋሩት ዋና ነገር ማመስኳት ነው። የአገራችን ሰው ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ እያለ እንስሳትን መለየት የጀመረው ከሃይማኖቱ ሕግ ተነሥቶ ሲሆን፣ ይኸው መለያ በሳይንስም የጸና ክፍፍል ሆኖ ተገኝቷል። ሣር በራሱ ለማንም ሆድ የሚፈጭ ምግብ አይደለም። የሚያመሰኳ እንስሳ ሣሩን ሳያላምጥ ይውጥና በትልቁ ጨጓራ ውስጥ ለሚኖሩ እጅግ ጥቃቅን ነፍሳት ይሰጣል፤ እነርሱ ሲያብላሉት መልሶ ወደ አፉ በማምጣት ያላምጠዋል። ከዚያም ወደ ሽንፍላው ይተላለፋል፤ የሽንፍላ ቅጠሎች ውሃውን መጥጠው ያስቀራሉ። ሽንፍላን አጥቦ ማጥራት አድካሚ መሆኑን የሚያውቅ ባለሙያ ሁሉ የዚህን ክፍል አሠራር በእጁ ያውቀዋል ማለት ነው። ሰው የማይበላውን ሣር ወደ ወተት፣ ሥጋና የእርሻ ጉልበት የሚለውጠው ይህ የሆድ ዕቃ ስለሆነ፣ ሜዳው ላይ ሣር ሲጠፋ የዱሩም የቤቱም እንስሳ አንድ ዓይነት ችግር ላይ ይወድቃል።

ሩፔል በ1833 ከጎንደር ተነሥቶ በአክሱም በኩል ወደ ምጽዋ ተመለሰ። በአክሱም የግእዝ የድንጋይ ጽሑፎችን ገልብጧል። በ1834 አውሮፓ ከደረሰ በኋላ ዓመታቱን ለኅትመት አዋለ። የኢትዮጵያን አከርካሪ ያላቸው እንስሳት የያዘው መጽሐፉ ከ1835 እስከ 1840 በክፍል በክፍል ወጣ፤ የጉዞው ታሪክ በሁለት ቅጽ ከ1838 እስከ 1840፣ የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ወፎች ዝርዝር ደግሞ በ1845 ታተሙ። የለንደኑ የንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማኅበር በ1839 የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው፤ ይህን ሽልማት ለመቀበል ከእንግሊዝ ውጭ የመጀመሪያው ሰው እንደሆነ ይነገርለታል።

በኋለኞቹ ዓመታት ግን ብዙ ከደከመለት የሴንከንበርግ ማኅበር ጋር ሳይስማማ ቀርቶ ከእንስሳት ጥናት ራቀ፤ ጥንታዊ ሳንቲሞችንና ሜዳሊያዎችን ወደ መመርመር አዘነበለ። ከጎንደርና ከሌሎች ቦታዎች ያገኛቸውን የብራና መጻሕፍት ለፍራንክፈርት ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። በ1852 ብሬም የተባለ የአገሩ የወፍ ሊቅ በትልቅነቱ የሚታወቀውን የአፍሪካ ጥንብ አንሳ በሩፔል ስም ጠራለት። ይህ ወፍ በ1973 በምዕራብ አፍሪካ ሰማይ ላይ ከ11,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከአውሮፕላን ጋር በመጋጨቱ ከወፎች ሁሉ ከፍ ብሎ የበረረ ተብሎ ተመዝግቧል። ኑሮው በሞቱ ሸኮናማ እንስሳት ላይ የተመሠረተ ነው፤ በአሁኑ ጊዜ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መካከል የተመደበ ሲሆን ከምክንያቶቹ አንዱ ለጅብና ለሌሎች አውሬዎች ተብሎ በጥምብ ላይ የሚደረግ መርዝ ነው።

ሩፔል ዲሴምበር 10 ቀን 1884 በተወለደበት ከተማ በ90 ዓመቱ ዐረፈ።

እርሱ ከሞተ ከ3 ዓመት በኋላ፣ በ1887፣ ሩፔል ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ በደረሰባት በምጽዋ ወደብ በኩል የገቡ የታመሙ ከብቶች ደስታ የተባለውን የከብት ወረርሽኝ ወደ አገራችን አመጡ። ከዚያ በኋላ የሆነው በታሪካችን ክፉ ቀን ተብሎ ይታወቃል። ወረርሽኙ ከብቱን ፈጅቶ ሲያበቃ በሬ ያጣው ገበሬ ማሳውን ማረስ ተሳነው፤ ረሃቡም ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ አገሪቱን አዳረሰ። በሽታው የሚያመሰኩ የዱር እንስሳትንም የሚያጠቃ በመሆኑ ጎሽንና ሌሎች ባለ ቀንድ አውሬዎችን ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ፈጅቷል። ስለዚህ የሩፔል ጽሑፎች ለዛሬው ተመራማሪ የሚሰጡት ዋጋ እርሱ ራሱ ሊገምተው ከሚችለው በላይ ሆኗል፤ ከዚያ ጥፋት በፊት በጣና ዙሪያና በስሜን ምን ምን ይኖር እንደነበር ከሚመሰክሩት ጥቂት ሰነዶች መካከል ናቸውና። የከብት ወረርሽኙ ከብዙ ዓመታት ክትባት በኋላ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ በይፋ ታውጇል። ከሰው በሽታ ፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው።

ዋልያን ለአደጋ ያጋለጠው በአብዛኛው ጠመንጃና የግጦሽ ሽሚያ ነው። ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ የጦር መሣሪያ በመስፋፋቱ ቁጥሩ አሽቆለቆለ፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ አካባቢ በተደረገ ግምት የቀሩት ከ200 እንደማይበልጡ ታወቀ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ የተቋቋመውም በዋናነት ለዋልያ ሲባል ነው። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1989 ዓ.ም. ግን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ከዚያ ዝርዝር የወጣው በ2009 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለዚህ ከተከፈሉት ዋጋዎች አንዱ በፓርኩ እምብርት የነበረው የግጭ ሕዝብ መኖሪያውን ለቅቆ ወደ ደባርቅ መዛወሩ ነው። የዋልያ ቁጥር ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት አንሠራርቶ የነበረ ቢሆንም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እንደገና መቀነሱ ተስተውሏል። ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን የሚጠራበት እንስሳ በመላው ምድር ላይ ያለው መኖሪያ አንድ የተራራ ሰንሰለት ብቻ መሆኑን የሚያስተውል ሰው፣ እያንዳንዱ ጥይት ምን እንደሚያጎድል ይገባዋል።

ፎገራን በተመለከተ የታሪኩ መልክ የተለየ ነው። እዚህ ሜዳ ላይ ሣሩን የወረሰው የቤት እንስሳ ነው፤ እርሱም ተራ ከብት አይደለም። የፎገራ ላም ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ ቀለም፣ አጫጭር ቀንዶችና መካከለኛ ሻኛ ያላት፣ ጠባይዋ ገራም የሆነ፣ በወተቷ የተመሰገነች የአካባቢው ዝርያ ናት። የእንስሳት ሳይንስ ባለሙያዎች ዝርያውን በሳንጋና በዜቡ መካከል ከሚመደበው ዜንጋ ከሚባለው ወገን ይቆጥሩታል። ዋናው ችሎታው ረግረግን መቋቋሙ ነው። ናበጋንና ዋገጠራን በመሳሰሉት በጎርፍ በሚጠለቀለቁ ቀበሌዎች ሌላ ከብት በሚታመምበት ጭቃና ዝንብ መካከል ግጦ የሚያድረው ይህ ዝርያ ነው፤ በሬውም ከባዱን ጥቁር አፈር ያርሳል። ደፈርሳና ቦሆር ለእርጥብ ሣር እንደተፈጠሩ ሁሉ የፎገራ ከብትም በብዙ ትውልድ ምርጫ ለዚሁ ሜዳ የተሠራ ነው።

ሩዝ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ ወደ ፎገራ ከገባ ወዲህ ይህ ሜዳ ሌላ ሀብት አግኝቷል። ቀድሞ በውሃ ምክንያት የማይታረስ የነበረው መሬት ዛሬ ለብዙ ሺህ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል፤ ይህን ማንም አይነቅፍም። ያም ሆኖ ሩዝ የሚወደው መሬት ከብቱ ይግጥበት የነበረው ያው እርጥብ መሬት ነው። በቀረው የወል ግጦሽ ላይ አሜኬላ የተባለው እሾኻማ አረም ተስፋፍቷል፤ በሐይቁ ዳር ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ እንቦጭ ተጨምሯል። የሩዝ ገለባ በበጋ ከብቱን ቢያቆይም የለምለም ሣርን ያህል አያጠግብም። ከዚህ በተጨማሪ የፎገራ ከብት ከደጋ ከብቶች ጋር በዘፈቀደ ስለሚዳቀል ንጹሕ ዝርያው እየሳሳ መጥቷል። የዱር እንስሳ ከአንድ ቦታ ሲጠፋ ሁሉም ያስተውለዋል፤ የቤት እንስሳ ዝርያ ግን መንጋው ሜዳ ላይ እንደቆመ፣ ቁጥሩም ሳይጎድል፣ ውስጥ ውስጡን ሊጠፋ ይችላል። ለዚህ ነው ለፎገራ ዝርያ የሚደረገው ጥበቃ ለዋልያ ከሚደረገው ባልተናነሰ አሳሳቢ የሆነው።

ስለ ዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጥቷል። በዚህ አዋጅ መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን፣ እንዲሁም የዱር እንስሳን ወይም ቆዳውን፣ ቀንዱንና ሌላ ውጤቱን ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘት ወይም መሸጥ በሕግ ያስጠይቃል። ሩፔል እንዳደረገው የእንስሳ ናሙና ሰብስቦ ወደ ውጭ አገር መላክም ዛሬ ያለ መንግሥት ፈቃድ አይቻልም፤ የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ለሀብቱ ባለቤት ማኅበረሰብ የሚገባውን ጥቅም ጭምር ይደነግጋል። የስሜን አዳኞች በ1832 እንዲህ ያለ ሕግ አልነበራቸውም። የቆሰለ ወይም የተያዘ የዱር እንስሳ ያየ ማንኛውም ሰው በቅርብ ለሚገኝ የፖሊስ ጣቢያ፣ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም ፓርክ ባለበት ለፓርኩ ጥበቃ ማሳወቅ ይችላል።

የፎገራን ዝርያ የሚመለከተው ሥራ ለረጅም ጊዜ ሲካሄድ የቆየው በአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ነው። ማዕከሉ በ1964 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሲሆን የሚገኘው ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሩፔል ወደ ዓባይ ድልድይ ባቀናበት አቅጣጫ ነው። ንጹሕ የፎገራ ኮርማ ወይም ጊደር የሚፈልጉ፣ በእጃቸው ያለው ከብት ዝርያው የተጠበቀ መሆኑን ማረጋገጥ የሚሹ አርቢዎች ጥያቄያቸውን በቀበሌው የእንስሳት ባለሙያ በኩል ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ያቀርባሉ። ባለሙያው ሲመጣ የላሟን እናትና አባት፣ የተወለደችበትን ቀበሌና የወተቷን መጠን ስለሚጠይቅ እነዚህን አስቀድሞ ጽፎ ማቆየት ሥራውን ያፋጥናል።